የእናትህ አንቀልባ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኤልቃና፤ የጋምቤላ ሙቀት ሳይጎዳህ ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ።

በስልክ ልነግርህ ብሞክር አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው የጻፍኩልህ። እናትህ የሺመቤት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሞ መውረዱን ወዳ የኖረች ይመስልሃል። ወዳ አይደለም። አንተ ገና ታዝለህ ሳለህ የሴቶቹ የቁጠባ ማኅበር የስፌት መኪና መግዣ ሊያበድራት ነበር። የዚያን ጊዜ ደንቡ ባል ቀርቦ ብድሩን "አውቃለሁ" እንዲል ነበር። እኔ ግን "ልጁን ማን ይይዛል?" አልኳት። በቀጠሮው ቀን "ኪዳን ላደርስ ነው" ብዬ እንጦጦ ወጣሁና፣ ስብሰባው እስኪበተን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ደወሉን እየሰማሁ ቤተ ክርስቲያኑ አልገባሁም። የፈራሁት ብድሩን አልነበረም፤ "የየሺመቤት ባል" መባልን ነው። ስመለስ "ጸሎትህን ይቀበልልህ" አለችኝ። በማግስቱ ወደ እንጨቷ ሄደች።

ከፋሲካ በኋላ ሚስትህ ሃኒ ከዚያው ማኅበር ልትበደር በስልክ ስታማክርህ አጠገቧ ነበርኩ። "ልጁን ማን ይይዛል?" ስትላት ሰማሁህ። የራሴ ቃል በአንተ ድምፅ መጣብኝ።

በልደታ ሰሞን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከባለቤትህ ጋር ማኅበሩ ዘንድ ሄድኩ። ቆሜም "አውቃለሁ" አልኩ። ከእናትህ ጋር እንጨት ትሸከም የነበረችው ዘርትሁን አሁን ሰብሳቢ ናት። በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

"ጋሼ ገበየሁ፣ ያ ደንብ እኮ ከቀረ ቆየ። አሁን ዋስ የምንሆነው እርስ በርሳችን ነው።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ቃሌን ይዤ የመጣሁት ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው።

"ይልቅስ" አለች፣ "ቀበና የተከራየነው ስፌት ቤት መርፌና መቀስ ነው፤ ልጅ አይድህበትም። ማቲዎስን ማን ሊይዘው ነው?"



"እኔ" አልኩ።

"እርስዎ? በምንዎ?"

"በጀርባዬ።"

ዘርትሁን ይሄኔ አልሳቀችም። ትንሽ አየችኝና "በሉ፣ ሃኒ ትውሰድ" አለች። እልልታው ደጅ ድረስ ተሰማ።

ልጄ፣ ሃኒን አትቀየማት። ቅያሜ ካለህ ለእኔ ይሁን። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ቤትህን በሰላም ያግባህ። ለእናትህ ያልሆንኩላትን ለሚስትህ እንድትሆንላት ልብ ይስጥህ።

ሃኒ ዛሬ ጠዋት ሥራ ጀመረች። እኔም ከሣጥን ውስጥ የእናትህን አንቀልባ አወጣሁ፤ አንተ ያደግህበት፣ ዛጎሉ የረገፈው። ማቲዎስን አዝዬ ስወጣ ባለሱቁ ገላው ከደጃፉ ሆኖ አየኝ።

"ገበየሁ፣ ጡቱንስ ማን ሊያጠባው ነው?"

"እናቱ ናታ። ወደ እሷው እየወሰድኩት ነው። አንተ ይልቅ ጠፍሩን አጥብቅልኝ።"

እየሳቀ አጠበቀልኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ልጅህን አዝዬ እስከ ቀበና ወረድኩ።

አባትህ ገበየሁ፣
የየሺመቤት ባል