በሁዳዴ የተተከለ ድንኳን

ይድረስ ለእታለም፤

የኔታ «ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ መቀነት እንደሌለው ቀሚስ ነው፤ ይንዘላዘላል» ስላሉኝ በመቀነቱ ልጀምር። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? እመቤትሽ አሁንም ከእንቅልፍሽ ትቀሰቅስሻለች? ስልክሽን መለሰችልሽ ወይስ አሁንም ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ቁመት ጨምሬያለሁ፤ ትተሽልኝ የሄድሽው ሹራብ እጅጌው አጠረኝ። የምጽፍልሽ ከደብረ ታቦር፣ ከአጎታችን ከየኔታ ገብረኪዳን ቤት ነው። ከጉና የሚወርደው ንፋስ በበሩ ሥር ገብቶ እግሬን ሲበላኝ የሐይቁ ዳር ቤታችን ሙቀት ይናፍቀኛል።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ዙለይካ ናት፤ ያቺ አብራሽ ሄዳ የተመለሰችው። እዚህ አልሆነላትም፤ ተመልሳ አንቺ ካለሽበት ከተማ ልትገባ ነው። ከመታሸጉ በፊት ግን የኔታ ያነቡታል። አጎት መሆናቸው ሳያንስ ሳንሱርም ሆነዋል። አንድ ነገር እንዳልጽፍ ዳዊታቸው ላይ እጄን አስጭነው አስምለውኛል። «በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ቢያዞራት ማን ይደግፋታል?» አሉ። እኔም ማልኩ፤ አልጽፈውም። ስለ ሌላው ሌላው ግን ማንም አላስማለኝም። (የኔታ፣ እዚህ ሲደርሱ መነጽርዎን ያስተካክሉ፤ በክር ያሰሩት ጆሮው ሊወልቅ ነው።)

እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ዓርብ ያልሽው ነገር ነው። መጀመሪያ ለጎረቤታችን ለእትዬ እቴነሽ ደውለሽ «አባባን አቅርቡልኝ» ስትያቸው «እብናት በግ ሊገዛ ሄዷል» አሉሽ። ቀጥለሽ እዚህ ስትደውይ ደግሞ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዷል፣ ለሳሉ» አሉሽ። አዋቂዎች ሲዋሹ አይነጋገሩም ማለት ነው? እኛ እንኳ ፈተና ስንኮርጅ መልሳችንን እናስማማለን! አንቺም ስቀሽ «በጉን ፍል ውሃ ሊያጥበው ነው?» አልሽ። ስልኩን ከበው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁልሽ። ከዚያ «ኮንትራቴን ሁለት ዓመት አራዝሜ ለአባባ አውቶቡስ ሞተር እገዛለታለሁ፤ በሚመጣው ወር እፈርማለሁ» ስትይ ሳቁ ቆመ። የኔታ «እግዜር ያሳካልሽ» አሉሽ። እኔ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ስለ አውቶቡሱ በስልክ የሰማሽው ቁንጽል ቁንጽሉን ነው፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ በሄድሽ በመጀመሪያው ሁዳዴ ነው። አባባ ያኔ ገና ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ይነዳ ነበር። ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ቤት የሆነ መኪና ይዘው መጥተው ሐይቁ ዳር ካለው መሬታችን ላይ፣ ውሃው የሸሸበት ጭቃ ውስጥ ሰመጡ። አባባ በበሬ አስጎትቶ አወጣቸው። ቦታውን ወደዱትና በዚያው ሰነበቱ። መኪናው ውስጥ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ሽንት ቤትም አለ። እትዬ እቴነሽ ከጎረቤት መጥተው ዙሪያውን ዞረው አዩትና «ሰው ከቤቱ የሚወጣው ቤቱ ሲሰለቸው ነው፤ እነዚህ ደግሞ አስከትለውት ይዞራሉ» አሉ።

ሴትዮዋ ሙቀቱ ሲበዛባት ከመኪናው ወጥታ ሰማያዊ ድንኳን ተከለች። እንግዲህ አስቢው። ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። በሁዳዴ ደግሞ ሠርግ የለም። መንደሩ ሒሳቡን ባንድ አፍታ ሠራው። በማግስቱ ማለዳ እትዬ እቴነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ዲያቆን ፋንታው ከጎን ሆነው «ወየው! ወየው!» እያሉ ደረሱ። ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጥያቄ ከለቅሶ በኋላ ይደርሳል። እትዬ እቴነሽ ደረታቸውን እየመቱ «ምነው ሳትነግረኝ!» እያሉ ድንኳኑን ሲነቀንቁት፣ ሴትዮዋ በነጭ የመኝታ ከረጢት እንደተጠቀለለች ብቅ አለች።

«ተነሣች!» አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የቀረው ጫማ ብቻ ነበር። ዲያቆን ፋንታው የት እንደገባ እስከ ማታ አልታወቀም።

አባባ ከሳቁ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ። እትዬ እቴነሽ ግን ተመልሰው መጥተው «ታዲያ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» ብለው ተቆጡ። ፈረንጆቹ ብስኩት አቀረቡላቸው። እሳቸው ማሸጊያውን አስነበቡኝ፤ ወተት አለው ስላቸው «ወዲያ!» ብለው ገፉት። ትንሽ ቆይተው ለፋሲካ ይሆናል ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ፈረንጆቹ ሲሄዱ ድንኳኑን ለአባባ ትተውለት ሄዱ። እንግዳ የማሳደር ሐሳብ የተጠናወተው ያኔ ነው። ጡረታ ሲወጣ ዕድሜውን የነዳትን አውቶቡስ፣ ሞተሯ ወልቆ፣ ጎማዋ ተነቅሎ ቅርፊቷ ሲሸጥ ገዛት። በትራክተር አስጎትቶ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ሠራበት፤ የሾፌሩን ወንበር ግን አልነካውም። በሩ ላይ በገዛ እጁ «አልጋ አለ። ድንኳን አለ። ጫጫታ የለም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ጫጫታ አልነበረም፣ ሰውም አልነበረም። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ማን ይምጣ? አንድ ጉማሬ ብቻ በሩዙ ማሳ በኩል መጣና የድንኳኑን ገመድ በጥሶ ሳይሰናበት ሄደ። አባባ «ይሁን፣ ቦታውን አይቶ ለሌሎች ይነግራል» አለ።

በየጠዋቱ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንቦጭ ይነቅል ነበር። «እንግዳ መጥቶ አረም ሊያይ ነው?» ይላል። በማግስቱ እንቦጩ ተመልሶ ይጠብቀዋል። ሳሉም የመጣው ከዚያ ነው፤ እትዬ እቴነሽ ቢለምኑት፣ እኔ ብቆጣው ከውሃው አልወጣም።

ሲመሽ የሾፌሩ ወንበር ላይ ይወጣና መሪውን ይዞ በባትሪ ክላክስ ይነፋል። ሁለት አጭር የኔ ነው፤ እራት ደርሷል፣ ነይ ማለት ነው። አንድ ረጅም ያንቺ። «የት ትሰማሃለች?» ስለው «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ውሃ ድምፅ ያሻግራል» ይለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። እንግዳ የለም ብለሽ እንዳታዝኚ፤ መስቀል እንዳለፈ ሞልቶ ነበር። ከደብረ ታቦር መናኸሪያ የአባባ ጓደኞች አውቶቡሶቻቸውን አሰልፈው ክላክስ እያስጮሁ ወረዱ። ከአንበሳሜ መጡ፣ ከሐሙሲት መጡ። ሰማያዊው ድንኳን አልበቃ ብሎ ትልቁ የእድር ድንኳን ተተከለ። አልጋዎቹ ሁሉ ተያዙ፤ ቦታ ያጣው ሣር ላይ አደረ። ንፍሮ ቀቀልን። ወጣቶቹ ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ብለው ውሃ ገቡና እንቦጩን ነቅለው ጨረሱት፤ ሐይቁ እስከ ሩቅ ድረስ ታየ። አባባ ሲመኘው የኖረው ይህንን ነበር።

እትዬ እቴነሽም መጡ። ያኔ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ መንደር ያናወጡት ሴትዮ፣ አሁን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ድምፅ አጡ። ያን ዕለት የሮጠ የለም። የተሳሳተም የለም።

ለምን የኔታ ቤት እንደገባሁ «ለትምህርቷ ነው» ተብለሻል። እሺ፣ ለትምህርቴ ነው። ክላክሱን ፈትቼ ይዤው መጥቻለሁ፤ ትራሴ ሥር ነው። እራት ሲደርስ የኔታ «ነይ ልጄ፣ ብይ» ይሉኛል። ደግ ናቸው፤ ጉርሻቸውም ትልቅ ነው። እኔ ግን ሁለት አጭር እስኪሰማ እጠብቅና እንጀራው ይደርቃል።

እታለም፣ አትፈርሚ። ሞተሩ ይቅር። ቢመጣም የሚነዳው የለም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ምያለሁ።

እዚህ ላይ ለየኔታ ሰጠኋቸው። ሊቀድዱት መስሎኝ ለመሮጥ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስለ መነጽራቸው ያልኩት ጋ ሲደርሱ «ባለጌ!» አሉ። ብስኩቱ ጋ ሲደርሱ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአባባ ታላቅ ወንድም እኮ ናቸው፤ እኔ ስለ ራሴና ስላንቺ ሳስብ ይህንን ረስቼው ነበር።

ዙለይካን አስጠሯት። «በር ላይ እንዳትሰጫት» አሏት። «የዕረፍቷን ቀን ጠብቂ። በማለዳ ግቢ። ስታነብ ከአጠገቧ አትነሺ፤ እጇን ያዢ።» ዙለይካም «እሺ የኔታ፣ እኔ እኅቷ ነኝ» አለችና አቀርቅራ ወጣች። ለእኔ «አልጻፍሽውም፤ መሐላሽ አልፈረሰም» አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑኝ ነው ወይስ ራሳቸውን፣ አላወቅሁም።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ከፊትሽ ይቅደም፤ የነፍሰ ኄር እናታችን አምላክ መንገድሽን ወደ ቤት ያቅናው። የኔታም «ልጄ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው» ብለዋል፤ በራሳቸው አፍ ነው ያሉት።

አሁን ዙለይካ እጅሽን ይዛዋለች አይደል? ቅዳሜ ክላክሱን ይዤ፣ ከመናኸሪያ ባትሪ ተውሼ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። የሾፌሩን ወንበር አልነካውም፤ ቆሜ ነው የምነፋው። የኔን አልነፋም። ያንቺን ብቻ፣ አንድ ረጅም።

ሹራብሽን የለበሰችው
ታናሽሽ