ያልተላኩት ሃያ አራት ገጾች

ለውድ እህቴ ለብሮንዊን፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? የደሴታችሁ የሱቫ ዝናብ ጋብ አለ ወይስ አሁንም ጣሪያችሁን እየደበደበ ነው? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽስ? ባልሽ ሲቲቬኒ ሥራው እንዴት ይዞታል? የእናቱ የሜሬ ዓይን ተሻለ? ልጃችሁ ሎሳናስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ተመልሼ ሳነበው እውነት አልመሰለኝም። አካሌ ደህና ነው ልበል።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ "አይልሳ መልስ ነሳችኝ፤ ምን አግኝቷት ነው?" ብለሽ ጠይቀሻል። ያገኘኋት እኔ ነኝ።

ከእርሷ ጋር አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖረሻል፤ በምግብ ጠረጴዛችሁ ላይ ቀለም ስትደፋ እያየሽ ዝም ያልሽ አንቺ ነሽ፤ እኔንም ያስተዋወቅሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግኩም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት የሳለችውን ኮሚክ፣ የሥዕል ታሪኩን፣ ታውቂዋለሽ፤ ባስ በተባለው የባሕር ሰርጥ ባለች ደሴት ለመርከቦች የሚበራውን የመብራት ማማ ስለምትጠብቀው ሴት። "ማዕበል የቆጠረችው" ብላዋለች። መጽሐፉ ሳይወጣ አሳታሚው እንደ ልማዱ ለእኛ ለሐያስያኑ በኢሜይል ላከልን። የመጀመሪያው ገጽ የአሳታሚው ማሳሰቢያ ነው። እኛ ይህን ገጽ አናነበውም። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከዚህ ቀን በፊት አታውጡ፣ ለሌላ አታስተላልፉ። በዓመት መቶ ሃያ መጽሐፍና ፊልም የሚገመግም ሰው ማሳሰቢያ አያነብም። እኔም ዘለልኩት።

ታሪኩ ሴትዮዋ ደረጃውን እየወጣች ሳለ፣ እግሯ በአየር ላይ እንዳለ፣ ቆመ። እኔም "ሦስተኛው ረድፍ" በተባለው ድረ ገጻችን ላይ ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼ፣ "ደራሲዋ አሥራ አንድ ዓመት ተጉዛ በሩ ላይ ስትደርስ ቁልፉን ረስታለች" ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሻይ አፍልቼ ደግሜ አነበብኳት።

አንባቢዎቻችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይለቁም። በየመድረኩ አሰራጩት። አይልሳ የሠራችውን ሁሉ ትተው "ቁልፉ ተገኘ?" እያሉ ይጽፉላት ጀመር። እዚሁ ብረንስዊክ ያለው የኮሚክ ሱቅ ያዘዘውን ስድሳ ቅጂ ወደ አሥር ዝቅ አደረገ። ባለሱቁ ራሱ ነገረኝ፤ ያመሰገነኝ መስሎት።

መጽሐፉ በወጣ ቀን አንዱን ገዝቼ ትራም ውስጥ ገለጥኩት። ሴትዮዋ እግሯን አሳረፈች። ወጣች። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ገጽ አለ፣ እታለም። መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ያን ማሳሰቢያ ከፈትኩ። "በደራሲዋ ፈቃድ የመጨረሻዎቹ ሃያ አራት ገጾች እስከ መውጫው ቀን አልተካተቱም" ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ።

ለአዘጋጃችን ለደርሞት ደወልኩ። "ስማ ወንድሜ፣ አንተ የተላከልህን ገመገምክ፤ ያልተላከልህን በምን ዓይንህ ታያለህ? ሁለት ኮከብ እንጨምርና እንለፈው፤ ማን ያያል?" አለኝ። ማሳሰቢያው እንደነበረ ስነግረው፣ "እሱን ለማንም አትንገር፤ ሁላችንም አናነበውም እኮ" አለ። ስምንት ቀን ምክሩን ሰማሁ። ስምንት ቀን።

ችግሩ፣ ገና ሒሱ ሳይወጣ፣ ከአይልሳ ጋር በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ መድረክ ላይ እንድንወያይ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ጠያቂው እኔ፤ ቀኑም ደረሰ። ትቀራለች ብዬ ነበር፤ መጣች። ግራጫ ሹራብ ለብሳ፣ ሰላምታ ሰጥታኝ ተቀመጠች። ወደ አርባ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዬን ትቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መጽሐፉን ሳልጨርስ እንደፈረድኩ፣ ማሳሰቢያውን እንደዘለልኩ፣ አውቄም ዝም እንዳልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ፊት ወንበር ላይ የመብራት ጠባቂዋን ካፖርት አስመስሎ ሰፍቶ የለበሰ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ የካርቶን ፋኖስም ይዟል። "እሺ ጌታው፣ ይቅርታህን ተቀብለናል። ታዲያ መጨረሻው ከሁለት ኮከብ የሚበልጠው በምኑ ነው? አስረዳና" አለኝ። ሰው ሳቀ። አስረዳ ማለት መጨረሻውን ተናገር ማለት ነው። የእኛን የኮሚክ ወዳጆች ታውቂያቸዋለሽ፤ ባላነበበ ሰው ፊት ፍጻሜ የተናገረ ዳግመኛ ደጃቸውን አይረግጥም። ከኋላ አንዲት ሴት ከወዲሁ ጆሮዋን ደፈነች። ስሕተቴን የማርምበት አንድ መንገድ ነበር፤ እሱም የተከለከለ። "ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው" ብቻ አልኩ። እንደ ሰነፍ ተማሪ።

አይልሳ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደች። "ተዉት፣ እኔው ልንገራችሁ" አለች።

ነገረቻቸው። ገጽ በገጽ፣ ሃያ አራቱንም፣ ገበያ ውላ የገባች ሴት የገዛችውን እንደምትዘረዝር በተረጋጋ ድምፅ። ስድስት ሰባት ሰው ወንበሩን እየጎተተ ወጣ። ሰውዬው ፋኖሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀረቀረ። አሥራ አንድ ዓመት የደበቀችውን በአሥር ደቂቃ ጨረሰችው። ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ማንም አላወቀም።

በር ላይ ደረስኩባት። በመኪና ላድርስሽ አልኳት። "አይ፣ በእግሬ እሄዳለሁ" አለች። ከዚያ፣ "አንብበኸው ባትወደው ኖሮ፣ ኢዋን፣ እችለው ነበር። ለብሮንዊን አንተው ጻፍላት፤ እኔ ከየት እንደምጀምር አላውቅም" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማታውኑ የሆነውን ሁሉ በድረ ገጹ ላይ፣ ከሒሱ አናት፣ በትልልቁ ጻፍኩት። ደርሞት እስካሁን አላናገረኝም። ሌላ ሦስት መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እገልጣቸዋለሁ፣ እዘጋቸዋለሁ። ዓይኔ በመስመሩ ላይ ሲሄድ እያነበብኩ መሆኔን እጠራጠራለሁ።

መጽሐፉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በፖስታ አሥር ቀን ይፈጃል ይላሉ። ፍጻሜውን እዚህ እንዳልጻፍኩት አስተውይ። ፍጻሜውን ገና ያልሰማ ወዳጅ አንቺ ቀርተሻታል፤ ከሌላ ሰው ከመስማትሽ በፊት አንብቢው። ወደሽው እንደሆነም፣ ጠልተሽው እንደሆነም፣ ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ ጻፊላት።

ሲቲቬኒን በወንድምነት ሰላም በይልኝ። ለእናቱ ለሜሬ ጤና ይስጥልኝ፤ ሎሳናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጉልበትሽን አሳርፊ።

ወንድምሽ ኢዋን
ሜልበርን፣ ብረንስዊክ
ሜይ 14 ቀን 2019