ሰው አይኖርበትም ስለተባለው ቤቴ

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መኖሪያ ቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 14

ጉዳዩ፦ የምኖርበት ቤት «ሰው አይኖርበትም» ተብሎ ለሌላ ተማሪ እንዲሰጥ የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ ከመስከረም ጀምሮ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት ባለው ባለ አንድ ክፍልና ማድቤት ቤት ውስጥ እኖራለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ባደረሰኝ ማስታወቂያ ግን ቤቱ ባዶ መሆኑ በምርመራ ስለተረጋገጠ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁልፉን እንዳስረክብ ታዝዣለሁ። ባዶ በተባለው ቤት ውስጥ ቆሜ ማስታወቂያውን ሳነብ፣ ለአፍታ እኔም ተጠራጥሬ ዙሪያዬን አይቻለሁ። ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱልኝ እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

1. ስለ መዘግየቴ። ቅሬታ ያለው ተማሪ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያመለክት ማስታወቂያው ይላል። ቀኑ አልፎብኛል። ያለፈብኝም ተቆጣጣሪው ማስታወቂያውን ክፍሉ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ብርጭቆ ጭነውበት ስለሄዱ ነው። ማድቤቱ ከመግቢያው የራሱ በር ስላለው፣ እኔ ወደዚያ ክፍል የምገባው ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወረቀት እንዴት ሳያየው ይሰነብታል ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ የአቤቱታዬ ሁሉ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

2. ስለ ምርመራው። ተቆጣጣሪው ሥራቸውን በወጉ የሠሩ ሰው ስለሆኑ በእሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ በትርፍ ቁልፍ ገብተው ያዩትን ጽፈዋል፤ የጻፉትም በሙሉ እውነት ነው። አልጋው ከነላስቲኩ ነው። የወንበሩ እግሮች እንደተጠቀለሉ ናቸው። በመስኮቱ ላይ መጋረጃ የለም። ማድቤቱ ሲታይ ዕቃ ማጠቢያው ደረቅ ነው፣ ድስቱ ተደፍቷል፣ ከበሩ ኋላም የተጠቀለለ ፍራሽ ቆሟል፤ ይህንንም «ከቀድሞው ነዋሪ የተረፈ» ብለውታል። ያ ፍራሽ የእኔ ነው። ማታ ማታ የምተኛውም እዚያው ማድቤቱ ውስጥ ዘርግቼው ነው። ማጠቢያው የደረቀው ዕቃዬን ሳላጥብ ከቤት ወጥቼ ስለማላውቅ ነው፤ ንጽሕናዬ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። የመማሪያ መጻሕፍቴን ፈልገው ያጡትም ኦቨኑን ስላልከፈቱ ነው። መደርደሪያ አድርጌዋለሁ፤ እሳት አስነሥቼበት አላውቅም፤ መሥሪያ ቤትዎ በዚህ እንዳይሰጋ።

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። መሥሪያ ቤትዎ አያያዜን አይቶ ቢቀማኝ አልፈርድበትም። ግን አያያዜ ለምን እንዲህ እንደሆነ ላስረዳ።

3. ስለ አስተዳደጌ። እኔ ያደግሁት ሳሎኑ በሚቆለፍ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስምንት ልጆች ማድቤት ውስጥ እየተጋፋን ስናድግ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሳሎን ማንም ሳይገባበት እንግዳውን ይጠብቅ ነበር። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፤ በላስቲኩ ላይ እናቴ የሰፋችው ልብስ አለ፤ በልብሱ ላይ ደግሞ እንዳይቆሽሽ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። ሶፋው ራሱ ምን ቀለም እንደሆነ በእኛ በልጆቹ መካከል እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር አለ። አንድ ጊዜ የአባቴ አለቃ መጥተው ሻይ ደፉ። እናቴ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያለች ሸኘቻቸውና፣ በሩ ሲዘጋ ሌላ ልብስ ደረበችበት። ቤታችን ከገባ ዕቃ ላስቲኩ የተገለጠለት የለም።

ታዲያ መስከረም ላይ የቤቱን ቁልፍ ስረከብ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የምለው በር ኖረኝ። መሥሪያ ቤትዎም አዲስ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር ከነላስቲካቸው አስረከበኝ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ መስኮቱም መንገዱን ቁልቁል ያሳያል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁትና እግሬ አልገባም አለኝ። እንዲህ ያለ ክፍል የእንግዳ ነው አልኩ። የመጀመሪያዋ እንግዳም እናቴ እንድትሆን ወሰንኩ፤ የያዘችውን ስፌት ስትጨርስ ልታየኝ ትመጣለች። እስከዚያው ዕቃዬን ይዤ ማድቤት ገባሁ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነበር። ከስምንት ልጅ መካከል ወጥቶ በሰፊ ክፍል ብቻ መተኛት ለካስ ከባድ ነው። ማድቤቱ ጠባብ ስለሆነ ስገላበጥ ክርኔ ግድግዳውን ይነካል፤ እህቴን የነካሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይህ በመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ የሚመዘን ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልጽፈው ማለፍ አልሆነልኝም።

4. ስለ ምስክሩ። ተቆጣጣሪው ፊት ለፊቴ የሚኖረውን የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪም ጠይቀዋል። በፎቁ ላይ ያለን ሁሉ «ዘንድሮ» ነው የምንለው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በየዓመቱ «ዘንድሮ እጨርሳለሁ» ስለሚል ነው። እሱም «ጥሩ ልጅ ናት፣ ሰላምታዋ አይጓደልም፤ ክፍሏ ውስጥ ግን መብራት በርቶ አይቼ አላውቅም» ብሎ መስክሯል። አልዋሸም። ጨው ሊበደር ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያው ነው የምሰጠው። እኔ እንግዳ ስጠብቅ እሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዘንድሮን እንደ እንግዳ ቆጥሬው አላውቅም፤ ይህን ሳስብ ዛሬ ያሳፍረኛል።

5. ይህን አንቀጽ ባልጽፈው በወደድኩ፤ ነገር ግን ትምህርት ክፍሌን ቢጠይቁ መውጣቱ ስለማይቀር እኔው ልቅደም። የመመረቂያ ጥናቴ ርእስ «በጠባብ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚባክን ቦታ» ይላል። በየሰው ቤት ሜትር ይዤ እየዞርኩ፣ እናቶችን «ይህን ክፍል ለምን አትጠቀሙበትም?» ብዬ ስጠይቅ ከርሜአለሁ። ማስታወቂያውን ለአማካሪዬ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያም «ሰው ቤት ምን አስኬደሽ? የራስሽን አትለኪም ነበር?» አሉኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳትሆን አትቀርም።

6. ስለ እናቴ። ቤቱ ውስጥ እንደምኖር በፊርማዋ ትመሰክርልኝ ዘንድ ለእናቴ ደወልኩላት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስነግራት የስፌት መኪናዋ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። «ክፍሉን ለአንቺ ብዬ ነው እኮ ያስቀመጥኩት» ስላት ግን መኪናው ቆመ። የምትደሰት መስሎኝ ነበር።

«እኔ እንግዳሽ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ማስታወቂያ እንኳ እንዲህ አላስደነገጠኝም። እንደዚያ ማለቴ አይደለም እያልኩ ስንተባተብ እሷ ቀጠለች። ሳሎኑን የቆለፈችው ከእኛ እንደሆነ ነገረችኝ። «ስምንት ሆናችሁ ልታፈርሱት ነበራ! አንቺ ብቻሽን ሆነሽ ከማን ነው የምትቆልፊው?» አለች። ስቄ ላልፈው ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ራሴ እኮ አንድ ቀን ተደላድዬ አልተቀመጥኩበትም። ልጆች ሁሉ ወጥታችሁ እንኳ እስከ ዛሬ ማድቤት ነው የምቀመጠው። አንቺ ግን ተቀመጪበት» አለችኝ። ከዚያ መኪናዋን ቀጠለች። እኔም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ማድቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

7. ከዚያ ወዲህ ስለተደረገው። በዚያው ዕለት የአልጋውን ላስቲክ ቀደድኩ። ድምፁ ዘንድሮን ከቤቱ አስወጣውና ምን ሆንሽ ብሎ መጣ። «ቤት ለእንግዳ» ብዬ አስገባሁት፤ ወንበሩም ላይ በክብር አስቀመጥኩት። ስለ ጥናቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ሲያስረዳኝ አመሸ። ክፍሉ ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቆ የመጀመሪያ እንግዳው ይህ መሆኑ ሳያሳዝነው አልቀረም፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ዘንድሮም የቀድሞ ቃሉን አስተካክሎ ለመመስከር ዝግጁ ነው። ዘንድሮውኑ እንደሚጽፈው ነግሮኛል።

በማግሥቱ መጋረጃውን ልሰቅል ተነሣሁ። ቤቱን በያዝኩ በሳምንቱ እናቴ «የመስኮትሽን ልክ ላኪልኝ» ብላኝ ልኬላት ነበር፤ ሰፍታ የላከችልኝን መጋረጃም ለእንግዳው ቀን ብዬ ከነፖስታው አስቀምጬዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ስሰቅለው ግማሽ መስኮት አልሸፈነም። ጨርቁ ተኮማትሮ እንደሆነ ብዬ ሜትሬን አመጣሁ። ስለካው ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ ልኩ የማድቤቱ መስኮት ነው። እናቴ «መስኮትሽን» ስትለኝ፣ ሳላስብ ሄጄ የለካሁት እዚያ ፍራሼ ራስጌ ያለችውን ትንሿን መስኮት ነበር። ወስጄ ስሰቅለው ልክክ አለ። በዚህ ቤት ውስጥ ሰው ሲኖር እንደነበረ፣ የት እንደኖረም ጭምር፣ ከዚህ መጋረጃ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም። ለእናቴ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች፤ ከጨርቁ ተርፎኛል፣ ለትልቁ መስኮት እዚያው መጥቼ እሰፋልሻለሁ ብላኛለች።

8. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው ይህ ነው። ያለፈው የማመልከቻ ቀን ከላይ በገለጽኩት ምክንያት ይታለፍልኝ። ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ተመልሰው ይዩልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ቆመው እንዳይመለከቱ፣ ወንበሩ ላስቲኩ ወልቆለታልና አረፍ ብለው ይዩልኝ። በእኔ ፋንታ ቤቱ እንዲሰጠው ተራ የሚጠብቀው ተማሪ ላይም ጥፋት የለም። እውነተኛ ባዶ ቤት ሲገኝ እሱ እንዲቀድም ከልቤ እመኛለሁ፤ ቢፈልግም ላስቲክ እንዴት ቶሎ እንደሚቀደድ ላስተምረው እችላለሁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ የምትመጣው በወሩ መጨረሻ፣ ቁልፉን አስረክቢ በተባልኩበት ሰሞን ነው። ስትደርሺ ደውይልኝ፣ ወርጄ እቀበልሻለሁ ብላት አልተስማማችም። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት አይደል? ይበቃኛል። እንግዳ መሰልኩሽ? ሳላንኳኳ ነው የምገባው» ብላለች። እናቴ ደግሞ ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበት ጊዜ የለም። ቤቱ ለሌላ ከተሰጠ፣ ጨርቋን በክንዷ ይዛ ሳታንኳኳ ዘው የምትለው የማያውቃት ሰው ቤት ውስጥ ነው። ሰውዬው ይደነግጣል፤ እሷ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በልጇ በር ላይ እንግዳ ትሆናለች። ያን ቀን በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀምጬ የምታገኘኝ፣ ብድግ ብዬም ቦታዬን የምለቅላት እኔ እንድሆን እርስዎን በትሕትና እለምናለሁ።

ከክፍሉ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ላይ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሦስተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው ፊት ለፊት ያለው ቤት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለቤት ተቆጣጣሪው
ለፊት ለፊት ጎረቤቴ፣ ዘንድሮ እንዲያነበው