ሦስት ጊዜ ኤክስ ላደረግንብዎ ክቡር ከንቲባ

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ጉሮሮዎ እንዳይዘጋ፣ በተለይም ወገብዎ ከአዲሱ የቆዳ ወንበር ጋር ተስማምቶ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ በአንዲት የስፌት መኪና የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በየምርጫው ማግስት የሱሪዎን ወገብ የማሰፋልዎ ሴትዮ ብል ያስታውሱኛል።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ያደፋፈረኝ ባለፈው ሳምንት በአደባባይ ያሰሙት ንግግር ነው። ሕዝቡ ሦስት ጊዜ በፍቅር መርጦኛልና የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል የምርጫ ዘመቻዬ ጽሕፈት ቤት ቢሆን ቅር የሚለው አይኖርም ብለዋል። ክቡርነትዎ፣ አንድ ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ፈርቻለሁ። ፍርሃቴን በጨዋ ደንብ በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ስለ ማዋለጃው። አልጋው ጓሮ ወጥቶ ዝናብ እየመታው ሲሆን በቦታው የእርስዎ ፎቶዎች በጥቅል በጥቅል ተደርድረዋል። አዋላጇ ነርስ የፎቶ ጠባቂ ሆናለች። ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ብጠይቃት፣ ምን አደርጋለሁ፣ ፖስተር አነጥፍላታለኋ አለችኝ። ስለ ምንጣፉ እናመሰግናለን። ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ የሚወስደው መንገድ ክረምት ከገባ መኪና እንደማያሳልፍ ለእርስዎ አልነግርም፤ ያንኑ መንገድ ሦስት ጊዜ ሪባን ቆርጠው የመረቁት እርስዎ ነዎትና።

፪. ስለ ፍቅራችን። እዚህ ከተማ ያደግን ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ መምህር ቀይ እስክሪብቶ የታረምን ነን። ትክክል ለሆነው ራይት፣ ለተሳሳተው ኤክስ። ኤክስ ለእኛ እስከ ዛሬ ይኼ አይሆንም ማለት ነው። አስመራጮቹም ኤክስ ማድረግ እንዳትረሱ ከማለት በቀር ያስረዱን ነገር ስለሌለ፣ የእርስዎን ፎቶ ፈልገን በሙሉ ልባችን ኤክስ አደረግንበት። ሥጋ ሻጩማ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው የተጫነው። ውጤቱ ሲነገር እርስዎ አሸነፉ። ተጭበረበርን ብለን ተንጨረጨርን፤ በሁለተኛው ምርጫ አልጋ ላይ የዋሉትን አዛውንቶች ሳይቀር ተሸክመን ወጣን፤ እርስዎም በበለጠ ድምፅ አሸነፉ። በሦስተኛው ጊዜ የጠላንዎትን ያህል ማንንም ጠልተን አናውቅም፤ እርስዎም እንደዚያን ጊዜ ተወድጄ አላውቅም ብለው በአደባባይ አለቀሱ።

ትናንት ስለ ማዋለጃው አቤት ልል ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስሄድ፣ በውጭው ግድግዳ ላይ የነበረውን ፎቶዎን ዝናቡ ልጦት ከሥሩ የምርጫ መመሪያው ብቅ ብሎ አገኘሁት። ከሚፈልጉት ዕጩ ጎን የኤክስ ምልክት ያድርጉ ይላል። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ፊትዎ ተኝቶበት ኖሯል! እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ልጄ ትዝ ስትለኝ ደግሞ አለቀስኩ።

፫. ስለ ጠላቶችዎ። ለተፎካካሪዎ ድምፅ የሰጡትን ጥቂት ከሃዲዎች አድኜ አወጣለሁ ብለው ዝተው ነበር። አይድከሙ። ተፎካካሪዎ ላይ ኤክስ ያደረጉት እርስዎን የሚወዱ ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ባለቤትዎ፣ ወንድምዎና ዘበኛዎ። ከሥራ ያባረሩት ዘበኛ በከተማው ውስጥ ካሉዎት ሦስት ወዳጆች አንዱ ነበር። አማትዎን ግን እጠራጠራለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት ሌላው ሁሉ አንብቦታል፤ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ ለጥፎልኛል፤ ምርጫውም እሑድ ነው። እኔ ከእርስዎ የምለምነው የማዋለጃውን አልጋ ብቻ ነው። ክፍሉን ይመልሱልን፤ የልጅ ልጄ ወደዚህ ዓለም ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ፊት የእርስዎ እንዲሆን አልፈቅድም።

ከታላቅ አክብሮትና ከአንገት በላይ ከሆነ ሰላምታ ጋር፣ ክቡርነትዎን ጠልተው ሳይታክቱ ለወንበር ያበቁዎትን ነዋሪዎች ሁሉ በመወከል፣

ከገበያው ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልክልዎ ልጄን ምጥ ያዛት። ሥጋ ሻጩ የጽሕፈት ቤትዎን ቁልፍ ሰበረ፤ ፎቶዎችዎን ወደ ዝናቡ፣ አልጋውን ወደ ክፍሉ አዛወርን፤ ነርሷም እጇን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። በዘመቻ ጽሕፈት ቤትዎ እስካሁን የተሠራ ሥራ ቢኖር ይኸው አንዱ ብቻ ነውና እንኳን ደስ ያለዎ።