ልጄ የእናቷን ስም እንዳትጠራ ስላስተማራችሁልኝ

ለክብርት ወይዘሮ ጽጌማርያም
የለምለም ጓሮ አማራጭ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት
ፒያሳ

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መምህራኑስ፣ የጓሮው አትክልት፣ ልጆቹ በየጠዋቱ የሚያቅፉት የጥድ ዛፍስ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ቃሉ ካስቀየመዎ «ምድር ትመስገን» ተብሎ ይነበብልኝ። ተስፋሁን እባላለሁ፣ ወርቅ ሠሪ ነኝ፤ የሁለተኛ ክፍሏ የሊያ አባት።

ምስጋናዬን ላስቀድም፤ ይህንኛውን ያለ አሽሙር ይቀበሉኝ። ባለቤቴ የሺዓለም ባረፈች ጊዜ ልጃችን አፏ ተዘጋ። የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ዝምታዋን እንደ ጥጋብ ቆጥሮ ከኋላ አስቀመጣት። እናንተ ጋ ስትመጣ ግን ማንም ተናገሪ አላላትም፤ አፈር አስነካችኋት፣ ችግኝ አስያዛችኋት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ ስለ ትል ሳታቋርጥ አወራችልኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ይህን ውለታ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ቅሬታዬን ደግሞ ሥርዓት ያለው ሰው እንድመስል በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ልጄን ሳስመዘግብ ሃይማኖት እንደማታስተምሩ፣ መንፈሳዊነትን ብቻ እንደምታስተምሩ በትሕትና አስረድተውኝ ነበር። በማግስቱ ስመጣ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሻማ አብርተው፣ ደወል ተደውሎላቸው በዝምታ ቆመዋል። ዕድሜ ልኩን ከጊዮርጊስ አጥር ሥር ለኖረ ሰው ነገሩ እንግዳ አልሆነም፤ የጎደለው ቄሱ ብቻ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ሁለተኛ፣ ረቡዕ ረቡዕ ልጆቹ ራሳቸው የጋገሩትን ዳቦ ቅቤ ቀብተው፣ ምድርን እያመሰገኑ ይበላሉ። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የጾሙን ቀን ማን እንደመረጠላችሁ አልጠየቅኩም። የሺዓለም ብትኖር ትጠይቅ ነበር። እኔ ልጅ ናት፣ ትብላ ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛው በቁጥር የሚያልፍ አይደለም። መምህር ኤርሚ፣ በቅን ልቡ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ሰው የሞተባቸውን ልጆች ለብቻ ሰብስቦ «የመሸኛ ክበብ» አዘጋጀላቸው። እያንዳንዱ ልጅ የሟቹን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ጠርቶ ሻማውን እፍ ይላል፤ የሄደ ሰው በስሙ ከተጠራ ይታሰራልና ከዚያ ወዲያ ስሙ አይነሣም። ከየት አገር እንደመጣ ባላውቅም ያማረ ሥርዓት ነው። ችግሩ እኛ ቤት ለሙት የሚደረገው ስሙን መጥራት መሆኑ ነው። ቄስ ለነፍስ ሲጸልይ የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ ስሙን ሰጥተን ነፍስ ይማር እንላለን። ከዚህ ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልቀረኝም።

የሙት ዓመቷ ዕለት ዘመድ ሁሉ ጊዮርጊስ ተሰበሰበ። ጸሎቱን የሚያደርሱት አባ ገብረትንሣኤ የክርስትና ስሟን ጠየቁ። ስሙን ሊያ እንድትነግራቸው አስቤ ነበር፤ ደኅና አድርጋ ታውቀዋለች። እሷ ግን ነጠላዬን ስባ ጎንበስ አደረገችኝና በሁለት እጇ አፌን ያዘችው።

«አባዬ፣ አትንገራቸው። ስሟ ከተጠራ እኮ መሄድ አትችልም።»

ሚስቴን ባስጠራ ልጄን ላስደነግጥ፣ ልጄን ባባብል ሚስቴ ያለ ጸሎት ልትቀር ሆነ፤ ዝም አልኩ። አባ ገብረትንሣኤ ጥቂት ጠብቀው፣ የሁሉንም ሙታን ነፍስ ይማር ብለው አለፉ። አማቴ እስከ ዛሬ አላናገሩኝም፤ አልፈርድባቸውም። ሊያ ማታ ስትጸልይ ለእኔ፣ ለአያቷ፣ ለጎረቤታችን ለከሪማ ልጆች ሳይቀር ትለምናለች፤ እናቷ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ነክሳ ታልፋለች። አጠገቧ ተንበርክኬ ይህን መስማት እንዴት እንደሚከብድ ልነግርዎ አልችልም።

ከትምህርት ቤታችሁ አላስወጣትም። ተመልሳ ዝም ብትልብኝስ? ይህን ፍርሃቴን እርስዎም ያውቁታል። እኔም አባ ገብረትንሣኤም መክረናታል፤ አልሰማችንም። የምታምነው እናንተን ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ መምህር ኤርሚ አጠገቡ ያስቀምጣትና፣ እናትሽን ብትጠሪያት ምንም አትሆንም ይበላት። ክበባችሁን አፍርሱ አላልኩም፤ ለእሷ ብቻ ይንገርልኝ።

ሃይማኖት ሳታስተምሩ ከንስሐ አባቴ ይልቅ በልጄ ላይ ሥልጣን ላገኛችሁ ለእናንተ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የጓሮአችሁን ልምላሜ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ተስፋሁን፣ የሊያ አባት
ከጊዮርጊስ ሰፈር

ማስታወሻ፦ የባለቤቴ የክርስትና ስም ወለተ ሰንበት ነው። ደብዳቤው ልጆቹ በሚሰበሰቡበት በጠዋቱ ክበብ ላይ የሚነበብ ከሆነ እዚህ ሲደርሱ አይሳቀቁ፣ ጮክ ብለው ያንብቡት። የሚደርስባት ነገር የለም፤ ሞታለች።