አብረን የፈተግነው መስታወት

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሐብታሙ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? የዱባይ ሙቀት አላደከመህም? የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? እኛ የደብራችን ታቦት ጠብቆን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

የላክኸው ወፍራም መስታወት ከምን ደረሰ ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔና አብሮ አደግህ መምህር እንዳለው ክረምቱን ሙሉ በሻካራ ዱቄትና በውኃ ፈትገን፣ አጎድጉደንና አለሳልሰን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቴሌስኮፕ ሠራንበት። መዳፌ ተላልጦ ሊጥ መንካት አቅቶኝ ነበር።

ከዚያ እንዳለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለጥምቀት የመጡ እንግዶችን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሰብስቦ፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ «ብቻዬን የሠራሁት ነው» አላቸው። አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ አመልክታ «እሷስ?» ብትለው፣ «ውኃ ታቀብለኝ ነበር» አለ።

ወንድም ዓለም፣ አንጀቴ አረረ። በማግስቱ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ብርሃኑን ወደ ዓይን የምትመልሰውን ትንሿን መስታወት ከቴሌስኮፑ ቀፎ ፈትቼ በነጠላዬ ቋጠርኳት። ተሰልፈው ቢያዩ ጨለማ ሆነባቸው፤ እንዳለው ቢያዞረው፣ ቢያስተካክለው ያው ጨለማ። በዚያ ብርድ ላቡ ሲወርድ አየሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

የማን ሥራ እንደሆነ ሲገባው መሪጌታ መልከ ጼዴቅን ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ። «አባቴ፣ በሰው ፊት የወሰደውን በሰው ፊት ይመልስ» አልኳቸው። ሰኞ ጧት በትምህርት ቤታችን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ እንዳለው ተማሪው ሁሉ እየሰማው፣ «ግማሹ ድካም የመምህርት ሰብሌ ነው» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። መስታወቷን መለስኩ፤ መሪጌታም አጨባበጡን። ታረቅን፤ በእጅ ብቻ።

ጨረቃ በሌለችበት ምሽት አብረን ወጣን። እንዳለው አጥብቆ የሚመኛት አንዲት ጋላክሲ አለች፤ እጅግ ሩቅ ያለች የከዋክብት መንደር ናት። ከመፍዘዟ የተነሣ ትክ ብለው ሲያዩዋት ትጠፋለች፤ በዓይን ጠርዝ ለሰረቃት ብቻ ትታያለች። እሱ አጣትና ተራው የእኔ ሆነ። ጎንበስ ብል ነበረች፤ በብርድ ከአፍ እንደወጣ ትንፋሽ ሆና።

«አየሻት?» አለኝ።

«እዚህ የለችም፤ ወደ ግራ ፈልግ» አልኩት።

ቀፎውን ወደ ግራ ገፋው። ከዚያ ወዲህ ሰማይ በጠራ ቁጥር እየወጣ በግራ በኩል ይፈልጋታል፤ ዓይኑ ቀልቷል። እዚያው ባየኋት ቦታ እንዳለች ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም እንዳይሰማ።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች። ታናሻችን እሌኒ ፎቶግራፍህን ላክልኝ ትላለች። ጎረቤታችን እትዬ ገበያነሽም ይመርቁሃል። ለእንዳለው የላክኸውን ሰላምታ ግን አላደረስኩም፤ አላደርስምም።

እኅትህ ሰብሌ
ደባርቅ፣ የካቲት 16 ቀን 2012 ዓ.ም.