ሙሽሮቹ ያሉበት ጭቃ

ለምወድሽ እህቴ ለውቢት፣ ሐዋሳ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ያ የሚያስነጥስሽ ብርድ ተወሽ ወይስ አሁንም ሰፈሩን ትቀሰቅሺበታለሽ? ባልሽ ጌትነትስ አሁንም ሐይቁ ዳር ወርዶ ከነዚያ አንገታቸው ላይ ከረጢት ካንጠለጠሉ ራሰ በራ ወፎች ጋር ዓሣ ይጠብቃል? ከሩቅ ከነሱ ለይተሽ ታውቂው እንደሁ እንጃ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እስረኛም ደኅና ይባል እንደሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ ምራቴ ትዕግስት ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምትከፍተው ነው። ጆሮዬ ደኅና ነው ብላት፣ እኛም እንስማ እንጂ አባባ ትላለች። ስለዚህ ወደናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለፊልጶስ ይህን ወረቀት ሰጠሁት።

እንደምታውቂው ለዓይኔ ሞራ በመስከረም ስመጣ ለአንድ ሳምንት ተብዬ ነበር፤ ይኸው ኅዳር ተጋመሰ። ሞራው ተገፎልኛል። ሦስት ዓመት በጭጋግ ውስጥ ስዳክር የኖርሁት ሰውዬ አሁን ዝንብ ፊቷን ስትታጠብ አያለሁ። ግን ምን ልይበት? የልጄ የመለሰ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በመስኮት የሚታየኝ የሰው ጣሪያና ጥቁር የውኃ ሮቶ ብቻ። ወደ ቤቴ የሚመልሰኝ የቆላ ድባ መንገድ ደግሞ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ ብዬ ወጣሁና ቀጥ ብዬ መናኸሪያ ገባሁ። ማኪናው ውስጥ ተደላድዬ ተቀምጬ ሳለ፣ ሾፌሩ ከአዘዞ ወዲያ አይኬድም ብሎ አወረደን። ከዚያ ወዲህ ትዕግስት ጫማዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍብኛለች። ክፉ አይደለችም፣ ወጧም ሸጋ ነው፤ ዘብነቷ ነው የከፋው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጣና መሸሽ ጀምሯል፣ የባሕር ሸሽ መሬታችንም ብቅ ብሏል። ልማዱን አልረሳሽውም፤ ውኃው በየዓመቱ ወሰን ስለሚውጥ፣ ባለመሬቱ ሁሉ ባለበት እንደገና ገመድ ይጣላል። ዘንድሮ እኔም የለሁ፣ አንቺም የለሽ። በእኩል የሚያርስልን የአጎታችን የልጅ ልጅ ዋኘው ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ራሱ ሊይዘው ነው። ከግርጌ ያለችውን፣ አባታችን ሳይታረስ ይተዋት የነበረችውን ጭቃ ጨምሮ እስከ ውኃው አፍ ሽምብራ ሊዘራ አስቧል።

እዚያች ጭቃ ላይ ግን ሙሽሮቹ አሉ። ራሳቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የደፉትን ረጃጅም ወፎች አባታችን ሙሽሮቹ ይላቸው አልነበር? ክንፋቸውን ዘርግተው ሲዘሉ አንቺም እኩል እዘላለሁ ብለሽ ረግረጉ ውስጥ እስከ ወገብሽ የተሰነቀርሽው! ሌላውን ዳር እምቦጭ ሸፍኖታልና ዘንድሮ ጫጩታቸውን የፈለፈሉት እኛው ዘንድ ነው። ቁመቷ ከእናቷ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፣ ክንፏ ግን እስከ ጥምቀት አይጠናም ብላኛለች የዋኘው ሚስት። በሬ የገባ ዕለት እናትና አባቷ ይበራሉ፣ እሷን ውሻ ይበላታል።

ደወልሁለት። ምነው ዋኘው፣ ጥቂት ብትታገሥ አልሁት። አያ ሰውአገኝ፣ እኔ ብታገሥ እርጥበቱ ይታገሠኛል ወይ፤ ካመለጠ ሽምብራው አይበቅል፣ ልጆቼንም ወፍ አትቀልብልኝ አለኝ። እውነቱን ነው። ከድምፁ ኋላ ሙሽሮቹ ሲጮኹ ሰማኋቸው። ዓይን ባልነበረኝ ጊዜ በጆሮዬ፣ ዓይን ተሰጥቶኝም በጆሮዬ!

ፎቅ ላይ የተሰቀለ ሽማግሌ ምን ይዞ ይከራከራል? ጭቃዋን እስከ ጥምቀት ተዋት፣ የላይኛው ማሳ የዘንድሮ ምርት ሙሉ በሙሉ ያንተ ይሁን አልሁት። ሙሉ በሙሉ ስል፣ እህቴ፣ የአንቺም ድርሻ አለበት። ለዓቢይ ጾም የምልክልሽ ሽሮ ዘንድሮ የለም።

እሱ ግን አላመነኝም። አንተ ቀልደኛ ነህ፣ እቴ ውቢት በገዛ አፏ እሺ ካላለችኝ በሬዬን አልመልስም አለ። ስቀልድ ኖሬ ስቀልድ፣ ቁም ነገር ያወራሁ ዕለት የሚያምነኝ ጠፋ። ገመዱ የሚጣለው የጽዮን ማግስት ነው፤ እኔ ከዚህ መውጫ የለኝም።

ሳልጠይቅሽ ድርሻሽን መስጠቴ እንደሚያስቆጣሽ አውቃለሁ፤ ተቆጪ፣ መብትሽ ነው። ብቻ መጀመሪያ ለሱ ደውለሽ እሺ በይው፣ ከዚያ ለኔ ደውለሽ ተቆጪ። ቅደም ተከተሉን አደራ።

ጌትነትን ዓሣው ይቅናህ በይልኝ። ልጅሽን ሰላምን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አፍንጫዋ የኛ ስለሆነ እጅግ አዝንላታለሁ። አማትሽን ጉልበታቸውን እስማለሁ። ከዚህም መለሰ ሰላም ብሎሻል፤ ትዕግስትም፣ ምን እየጻፍሁ እንደሆነ አጮልቃ እያየች፣ ሰላም ትልሻለች።

ታላቅ ወንድምሽ ሰውአገኝ
ጎንደር፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.